ቦብ ማርሌይ ሁለት ጊዜ መጣ

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የፓሊሳዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቷል። ዝናብ ይዘንባል፤ ለመጠለል የሚሄድ ግን የለም። ወደ አንድ መቶ ሺሕ የሚገመተው ሕዝብ አንገቱን አቅንቶ የሚጠብቀው ከኢትዮጵያ የሚመጣውን አውሮፕላን ነው። የነበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ እንደሚተርኩት፣ አውሮፕላኑ ከደመናው ብቅ ሲል ዝናቡ ቀጥ አለ። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ምንጣፉም፣ የክብር ዘቡም፣ የመንግሥት ሹማምንቱም በሰው ተዋጡ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብዙ ደቂቃ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ቆዩ። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስታዎች ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ለመነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ከጫኑበት ቀን ወዲህ በዚያች ደሴት ያሉ ድሆች እኚህን ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ የወጡ አድርገው ሲያስቧቸው ኖረዋል። ራስ ተፈሪ የሚለውን ስማቸውን ለሃይማኖታቸው መጠሪያ አድርገውታል።

የንጉሡ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከቆሙት መካከል አንዲት የ19 ዓመት ሙሽራ ነበረች። ስሟ ሪታ ነው። ባሏን ያገባችው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ሲሆን፣ እሱ በሠርጉ ማግስት አሜሪካ ዴላዌር እናቱ ዘንድ ለሥራ ሄዷል። ሪታ ኋላ በተደጋጋሚ እንደተናገረችው፣ ንጉሡ እጃቸውን ሲያወዛውዙ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየች፤ ያን ጊዜም አመነች። ያየችውን ለባሏ ጻፈችለት። ባሏ ሮበርት ኔስታ ማርሌይ ይባላል። ያን ዕለት ኪንግስተን አልነበረም። በሕይወቱ ሙሉ የሚዘምርላቸውን ሰው በዓይኑ ሳያያቸው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባኛል፤ የምጽፈው ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሆኜ ነው። በዚያው በ1958 ወለጋ ውስጥ በሰው መሬት ላይ ለሚያርስ ጭሰኛ ንጉሡ ማለት በግብር ሰብሳቢውና በባለርስቱ በኩል የሚታወቁ ሩቅ ሰው ነበሩ። ኪንግስተን ላይ እንባ የሚያፈሰው ድሃ ያየውና ዲዴሳ ዳር ያለው ገበሬ ያየው አንድ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ያዩትን አይተዋል። ይህን ሳልናገር ስለ ቦብ ማርሌይና ስለ ኢትዮጵያ መጻፍ ለወላጆቼ ዘመን ታማኝ መሆን አይመስለኝም።

በመካከል ሻሸመኔ አለች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሥርተው ጥቁር አሜሪካውያንንና የካሪቢያን ሰዎችን ለኢትዮጵያ አስተባብረው ነበር። እሳቸው የነፃነቱን ቀን ሳያዩ ቢሞቱም ንጉሠ ነገሥቱ ውለታውን አልረሱም። በ1940 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ ሻሸመኔ ዳር፣ አምስት ጋሻ መሬት ለማኅበሩ ሰዎች ሰጡ። መጀመሪያ የሰፈሩት ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ከንጉሡ የኪንግስተን ጉብኝት በኋላ ደግሞ ጃማይካውያን አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። ሲመጡ የሚያውቁት ሰው የለም፣ ቋንቋውን አይችሉም፤ ግን አገራችን ገባን አሉ።

ቦብ ከዴላዌር ከተመለሰ በኋላ ሞርቲመር ፕላኖ አስተማሪው ሆነ። ቦብ፣ ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር ከትሬንችታውን ጭቃ ሰፈር ተነሥተው በሰባት ስምንት ዓመት ውስጥ ሬጌን ለዓለም አሰሙ። ያን ታሪክ ሌሎች ብዙ ጽፈውታል፤ እኔ ወደ ነሐሴ 1967 ልለፍ።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ። የቀብር ሥርዓት አልነበረም፣ መቃብርም አልታየም። ለጃማይካ ራስታዎች ይህ መርዶ ብቻ አልሆነም፤ የእምነታቸው ፈተና ሆነ። ጋዜጠኞች አምላካችሁ ሞተ እያሉ ይዘባበቱባቸው ጀመር። ቦብ በክርክር አልመለሰም። ስቱዲዮ ገብቶ «ጃ ላይቭ» የሚለውን ዘፈን ቀረጸ፤ አምላክ ሕያው ነው ማለቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ዋር» መጣ። የዚህ ዘፈን ቃል መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ንጉሡ በአማርኛ የተናገሩት የዘር መድልዎ እስካለ ሰላም አይኖርም የሚለው ሐሳብ በከበሮና በባስ ጊታር ተሸክሞ ዓለምን ዞረ። የንጉሡ ስም በገዛ አገራቸው ሬዲዮ ለውግዘት ብቻ በሚነሣበት ዘመን ንግግራቸው በለንደንና በኪንግስተን ይጨፈርበት ነበር።

በዘፈኑ ደራሲነት ከተመዘገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ አለን ኮል ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ። ኮል የጃማይካ ስመ ጥር እግር ኳስ ተጫዋች፣ የቦብም የቅርብ ጓደኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገብቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድን እግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ጀመር።

ኅዳር 24 ቀን 1969 ዓ.ም. ኪንግስተን ላይ ታጣቂዎች ቦብ ቤት ገብተው ተኮሱበት። ደረቱና ክንዱ ቆሰለ፣ ሪታም ተመታች። ከአገሩ ወጥቶ ለንደን ተቀመጠ። እዚያ ሳለ በስደት ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአባታቸውን ቀለበት ሰጡት ይባላል። ቦብ ያን አንበሳ ያለበትን ቀለበት ከጣቱ አላወለቀም፤ በኋለኞቹ ፎቶዎቹ ላይ ይታያል።

እናም በ1971 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1978 መገባደጃ ላይ፣ ቦብ ማርሌይ ኢትዮጵያ ገባ።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል የነበረ ያውቃል። ቀይ ሽብር የገደላቸው ወጣቶች ገና አልተረሱም። የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ ዓመት አልሞላውም። ሰዓት እላፊ አለ፤ ማታ የሚዘፈንባቸው ቤቶች በጊዜ ይዘጋሉ። መሬት ላራሹ ታውጆ የሻሸመኔ ጃማይካውያን መሬትም ተወርሷል፤ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሄደዋል፣ የቀሩት በትንሽ ይዞታ ይኖራሉ። ዓለም የሚያውቀው ዘፋኝ ይህችን ከተማ ሲረግጥ አበባ ይዞ የተቀበለው ባለሥልጣን የለም፣ መድረክ አልተሠራለትም፣ ስታዲየም አልተከፈተለትም። የተቀበለው ጓደኛው አለን ኮል ነበር። የአየር መንገዱ ተጫዋቾች አሠልጣኛቸው ዘንድ የመጣው ረጅም ጸጉር ያለው እንግዳ ማን እንደሆነ ምን ያህል እንደገባቸው ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ቦብ ወደ ሻሸመኔ ወረደ። ከቀሩት ወገኖቹ ጋር ተቀመጠ፣ በላ፣ ኳስ ተጫወተ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች «ዚምባብዌ» የሚለውን ዘፈን እዚያው ሻሸመኔ ላይ እንደጻፈው ይናገራሉ። ያን ጊዜ አገሩ ገና ሮዴዥያ ነው የሚባለው፤ አርበኞቹም በጫካ ናቸው።

ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰውዬው ከወጣትነቱ ጀምሮ የዘመረለት ንጉሥ ሞቷል፤ አጽሙ የት እንዳለ የሚናገር የለም። ተስፋይቱ ምድር ያላት አገር በወታደር ትገዛለች። የወገኖቹ መሬት ተወስዷል። አዝኖ ሊመለስ ይችል ነበር፤ የሚወቅሰውም አይኖርም። እሱ ግን የበቆሎ ማሳ ዳር ተቀምጦ ስለ ሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ ነፃነት ጻፈ። እኔ ከቦብ ጉብኝቶች ሁሉ ትልቁ ይህ፣ ማንም ያላጨበጨበለት ጉብኝት ነው እላለሁ።

በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ፣ በወለጋ ክፍለ ሀገር፣ የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች እየተዘጉ የመዘምራን ጊታሮች ይደበቁ ነበር። ጊታር መያዝ የሚያስፈራበት ዓመት ነው። በአገሪቱ ውስጥ በምድር ላይ ከሚታወቁት ጊታር ያዦች አንዱ መኖሩን ነቀምቴ ላይ የሰማ አንድ ሰው ቢኖር ይደንቀኛል።

ከዚያ ወዲያ ጊዜው ሩጫ ሆነ። በ1979 በፈረንጆች «ሰርቫይቫል» የተባለው አልበም ወጣ፤ ሽፋኑ በአፍሪካ አገሮች ባንዲራዎች የተሞላ ነው። «ዚምባብዌ» በውስጡ አለ፣ «አፍሪካ ዩናይት»ም አለ። ሚያዝያ 10 ቀን 1972 ዓ.ም. ሮዴዥያ ዚምባብዌ ስትባል ቦብ በገዛ ወጪው መሣሪያ ጭኖ ሄዶ ሩፋሮ ስታዲየም ዘፈነ። ሻሸመኔ ላይ የተጻፈው ዘፈን ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለተጻፈለት ሕዝብ ደረሰ።

በዚህ መካከል ግን ካንሰር ይዞት ሰውነቱን ወርሶት ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ያጠመቁት በ1962 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጃማይካ የላኳቸው አቡነ ይስሐቅ ናቸው፤ ስመ ክርስትናውም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ግንቦት 3 ቀን 1973 ማያሚ ላይ በ36 ዓመቱ ሞተ። ከአሥር ቀን በኋላ ኪንግስተን ላይ በተደረገው የመንግሥት ቀብር ግዕዝና አማርኛ ተሰማ። መጽሐፍ ቅዱሱንና ጊታሩን ይዞ በተወለደባት ናይን ማይል መንደር ተቀበረ።

የቦብ ድምፅ ነቀምቴ የደረሰው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ቢያንስ ወደ እኔ ጆሮ። በ1980ዎቹ ውስጥ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን የምናስቀዳበት ሱቅ ነበር። ባለ ሱቁ ከአዲስ አበባ የመጣለትን «ሌጀንድ» አልበም ለሚፈልግ ሁሉ ይቀዳል። ቅጂ ከቅጂ ስለሚወሰድ ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል፤ ባሱ ግን አይጠፋም። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት የምንማረው አማርኛ፣ እንግሊዝኛው ገና መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ግጥሙ ሳይገባን ዜማውን በቃላችን ያዝን። ከጊምቢ ቡና ጭነው የሚመጡ የጭነት መኪናዎች መስታወታቸው ላይ ፎቶውን ይለጥፉ ነበር። ጸጉሩን አይተው አርበኛ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዱር የገባ ሰው ጸጉሩን እንደማይቆረጥ ያውቃሉና። እኛም አላረምናቸውም።

ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ወለል ሥር ተቀብሮ የተገኘው የንጉሠ ነገሥቱ አጽም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። መንግሥት የመንግሥት ቀብር አላደረገላቸውም፤ የመጣውም ሕዝብ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። ከለቀስተኞቹ መካከል ግን ሪታ ማርሌይ ነበረች። በ19 ዓመቷ ኪንግስተን መንገድ ዳር ሆና የተቀበለቻቸውን ሰው ከ34 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ቀበረች።

በጥር 1997 ሪታ የባሏን አጽም ወደ ሻሸመኔ ማምጣት እንደምትፈልግ ተወራ። ጃማይካ ተቆጣች፤ የእኛ ነው፣ ከናይን ማይል አይነቃነቅም አለች። የማርሌይ ፋውንዴሽንም ወሬውን አስተባበለ። የማይቀረው ነገር ግን ተዘጋጅቷል፤ የቦብ ስድሳኛ ዓመት ልደት ከጃማይካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከበር ነው፣ ቦታው መስቀል አደባባይ ነው። ቦብ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1937 ነው። በዓሉ የዋለው ጥር 29 ቀን 1997፣ እሑድ። በእኛ ቁጥር እንኳ ቀኑ አልተዛነፈም።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ከነቀምቴ መናኸሪያ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ሲሬን፣ ባኮን፣ ገዶን አልፈን ወደ አምቦ ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ለልደት በዓል ነው፣ አባባ።»

«የዘመድ?»

«የዘፋኝ። ቦብ ማርሌይ የሚባል ጃማይካዊ።»

«እሱ ራሱ አለ እዚያ?»

«የለም፣ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል።»

ወደ መስኮቱ ዞረው ጥቂት ዝም አሉ። «ሞቶ ይህን ያህል መንገድ የሚያስኬድ ሰው እንግዲህ የበላ የጠጣበትን ቤት አልረሳም ነበር» አሉኝ። ሻሸመኔ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር መቀመጡን ነገርኳቸው። ሆለታ እስክንደርስ ጠየቁኝ፤ ጭሰኛ ነበሩ፣ ስለ ንጉሡ የሚያስቡትን አልሸሸጉኝም፤ ስለ ዘፋኙ ግን ክፉ አልተናገሩም።

እሑድ መስቀል አደባባይ ያየሁት ሕዝብ ሁለት መቶ ሺሕ ነው የሚሉ አሉ፣ ሦስት መቶ ሺሕ የሚሉም አሉ። ደረጃዎቹ አልታዩም፣ ሰው ነበር ደረጃው። አንበሳ ያለበት ባንዲራ እንደልብ ይውለበለባል፤ በዚያ ዘመን ይህን ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ከሻሸመኔ የመጡ ጸጉራቸው የሸበተ ራስታዎች ከፊት ቆመዋል። ከመካከላቸው በ1971 ቦብን በእጃቸው የጨበጡ ይኖራሉ ብዬ ፊታቸውን እያየሁ ቆየሁ። ከመርካቶ የመጡ ልጆች፣ ተማሪዎች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ግጥሙን በግማሽ እያወቁ ያዜማሉ። እኔም ነቀምቴ ላይ የሻከረ ካሴት ያስተማረኝን ስህተት እንዳለ ይዤ አብሬ ዘመርኩ።

የቦብ እናት ሴዴላ ቡከር መድረክ ላይ ወጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ልጃቸውን የወለዱበትን ቀን ልጃቸው በናፈቀው ከተማ ቆመው አከበሩ። ሕዝቡ እናቱ መሆናቸውን ሲያውቅ የወጣው ድምፅ ጭብጨባ ብቻ አልነበረም፤ እልልታ ነበር፣ ለወላድ የሚሰጥ ዓይነት። ዚጊ፣ ስቲቨን፣ ዴሚያንና ወንድሞቻቸው የአባታቸውን ዘፈኖች ተቀባበሉ። የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆና የሴኔጋሉ ባባ ማል ነበሩ። ሪታ ነበረች። የበዓሉ ስም የዚያ በፈረንጆች 1979 የወጣው ዘፈን ስም ነበር፦ «አፍሪካ ዩናይት»።

ሲመሽ ሕዝቡ ቀስ እያለ ወደ ስታዲየምና ወደ ቦሌ ፈሰሰ። ከሦስት ወር በኋላ በሚያዝያ 29ና 30 ያው አደባባይ በምርጫ ሰልፈኞች ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ያን እሑድ ግን ማንም ማንንም ከወዴት ነህ አላለም። እኔን የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ነቀምቴ ስለው «ከዚያ ድረስ ለቦብ?» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ሰኞ ሌሊት ከመርካቶ አውቶብስ ተራ ተነሣን። ሾፌሩ አምቦ ገደማ ላይ ካሴት አስገባ፤ የኦሮምኛ ዘፈን ነው፣ ከሥሩ ያለው ምት ግን ሬጌ ነበር። ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

ሴዴላ ቡከር በ2000 ዓ.ም. አረፉ። ሐምሌ 2009 ላይ መንግሥት ለሻሸመኔ ራስታዎች የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከስድሳ ዓመት በላይ የኖሩበት አገር፣ ልጅና የልጅ ልጅ ያፈሩበት መሬት ላይ እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሕጋዊ ወረቀት አልነበራቸውም። ከ1971ዱ እንግዳ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ መታወቂያውን ለመያዝ በቅተዋል፤ ሌሎቹ ሻሸመኔ አፈር ውስጥ ናቸው። የቦብ መቃብር እስከ ዛሬ ናይን ማይል ነው።